ፍልሰታ ከቤት ያወጣችኝ ክረምት

ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘጉ ሲባል ከክፍሌ ልጆች ሁሉ በጣም ደስ ያለኝ እኔ ሳልሆን አልቀርም። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ አሥረኛ ክፍል። ክብደቴ ከእናቴ ክብደት ይበልጥ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የስፖርት ክፍለ ጊዜ የለም ማለት ነው። ቱታ ለብሶ ከሰልፉ መጨረሻ መሮጥ የለም፤ ከኋላዬ ሆነው «ኧረ መሬቱን በቀስታ!» እያሉ የሚስቁ ወንዶች የሉም። ቦርሳዬን አልጋ ሥር ወረወርኩና ለሁለት ሳምንት ማንም አያየኝም ብዬ ተኛሁ።

ሁለት ሳምንት የተባለው ፋሲካን አልፎ ክረምት ገባ።

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ። አባቴ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል፤ በዚያ ጊዜ በሽታ ይዤባችሁ እገባለሁ ብሎ አዲስ አበባ ሲደርስም የሚያድረው መኪናው ውስጥ ነበር። በስልክ «ከቤት እንዳትወጡ» ይለናል፤ ሌላ ወሬ አልነበረውም። እናቴ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። መሥሪያ ቤቷ በፈረቃ ስላደረጋቸው አንድ ሳምንት ትሠራለች፣ አንድ ሳምንት ቤት ትውላለች። ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ፣ ከዚያ በኋላ ነው ስማችንን የምትጠራው።

ከዚያ በፊት ስፖርተኛ ነበርኩ አልልም። ግን ትምህርት ቤቴ ጠዋት በእግሬ እሄድ፣ ማታ በእግሬ እመለስ ነበር። በእረፍት ሰዓት ከጓደኛዬ ጋር እያወራን ግቢውን እንዞራለን። ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ያለውን እበላለሁ፤ ካለቀ አለቀ ነው። ማታ ደክሞኝ እተኛለሁ። ይህ ሁሉ ደግፎ ይዞኝ እንደነበር ያወቅኩት ሲወሰድብኝ ነው።

መጀመሪያ የተበላሸው እንቅልፌ ነው። ጠዋት የሚያስነሣኝ ነገር ስለሌለ እስከ አምስት ሰዓት መተኛት ጀመርኩ። መምህሮቻችን የቤት ሥራ የሚልኩት በቴሌግራም ስለነበር ስልኩ ከእጄ አይለይም፤ የቤት ሥራው አንድ ገጽ ነው፣ ከሱ በኋላ የማየው ቪዲዮ ግን ማለቂያ የለውም። ቁርስና ምሳ ተቀላቀሉ። ከተማው ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ስለተወራ እናቴ ማካሮኒ፣ ሩዝ፣ ዘይትና ብስኩት በካርቶን አስገብታ ነበር። ቤታችን ሌላ ቦታ ስለሌለው ካርቶኖቹ የተደረደሩት ከአልጋዬ ራስጌ ነው። ብስኩት ራስጌዋ ያለ ልጅ ምን ታደርጋለች? አዎ፣ በላሁ። ርቦኝ አይደለም፤ ቀኑ ረዝሞብኝ ነው። ሌላው ሰው ታክሲ እየጠበቀ፣ ሱቅ በር ላይ ቆሞ እያወራ፣ ዝናብ አባርቶ እስኪሄድ ተጠልሎ የሚያሳልፈውን ሰዓት እኔ በብስኩት አሳለፍኩት።

እናቴም አልከለከለችኝም። «በሽታው የሚጥለው አቅም የሌለውን ነው» እያለች በማር የተለወሰ በሶ ታቀርብልኛለች፤ ማታ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ሻይ፣ ከዳቦ ጋር። «ብዪ፣ አቅም ይሁንሽ።» አቅም ሆነኝ ወይ ብትሉኝ፣ አልሆነኝም። ከአልጋ ተነሥቼ በረንዳ እስክደርስ ልቤ በኃይል መምታት ጀምሮ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥን ላይ አንድ ሐኪም ስለ በሽታው ሲያስረዳ፣ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞችን ጠቅሶ «ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸውም እንዲሁ» አለ። እናቴ ስትልጠው የነበረውን ሽንኩርት አስቀመጠች። ወደኔ አልዞረችም። አለመዞሯ ነው የነገረኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ ለእኔ ተዘጋ። የሰፈሩ ልጆች ቀስ በቀስ ወደ ግቢው መውረድ ጀምረው ነበር፤ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ኳስ ይጫወታሉ። ወንድሜም ይወርዳል።

«እማዬ፣ እሱ ሲወርድ እኔስ?» አልኳት።

«እሱ ምን ሥጋ አለውና ነው? አንቺ እዚሁ ሁኚልኝ።»

«ማስክ አደርጋለሁ።»

«ሐኪሙን ሰምተሻል፤ በቃ።»

ወንድሜ ጫማውን እያሠረ ሳቀ። «አንቺ ቪአይፒ ነሽ እኮ። እኛ ተራ ሕዝብ እንውረድ፣ ጀለሶቼ እየጠበቁኝ ነው።»

ወፍራም ስለሆንኩ ከቤት እንዳልወጣ ተፈረደብኝ፤ ከቤት ባለመውጣቴ ደግሞ ይበልጥ ወፈርኩ። ነገሩ ለእኔ እንደ ቀን ብርሃን ግልጽ ነበር። ለእናቴ ማስረዳት ግን አልቻልኩም። በዚያ ዕድሜዬ አንድ ነገር እፈልጋለሁ ብዬ አፌን ስከፍት ቃሉን እንባ ይቀድመው ነበር፤ ስለዚህ አፌን አልከፍትም። ዝም ብዬ ሌላ መላ ፈለግኩ።

ወደ ሱቅ ላለመመላለስ እናቴ በረንዳው ላይ ቅርጫት በገመድ አንጠልጥላ ነበር። ቅርጫቱን እናወርዳለን፣ ምድር ቤት ያለው ባለሱቅ ዳቦውን ይከትበታል፣ እንስበዋለን። እናቴ ሥራ በዋለችበት ቀን ገመዱን ከቅርጫቱ ፈታሁና ሳሎኑ ውስጥ መዝለል ጀመርኩ። ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋሁት። አሥር እንኳ ሳልሞላ ትንፋሼ ተቆረጠ፤ ቆሜ ተነፈስኩና እንደገና ጀመርኩ። የቡፌው ብርጭቆዎች ይንቀጠቀጣሉ። በሁለተኛው ቀን ከእግሬ ሥር ቋ! ቋ! ቋ! የሚል ድምፅ መጣ። ከሥራችን የሚኖሩት የወሎ ሴትዮ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን እየመቱ ነው። ጣሪያቸው የእኛ ወለል ነው። ፊቴ ጋለ። ገመዱን ቅርጫቱ ላይ መልሼ አሠርኩና ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ በጣት ጫፍ ነው የተራመድኩት።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቀን እናቴ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ጠበቋት። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ።

«አንቺዬ፣ ልጅሽ ታማለች እንዴ?»

«ኧረ ደህና ናት እትዬ። ምነው?»

«ጣሪያዬ ጭጭ አለብኝ እኮ! ያኔ መጥረጊያ ያነሣሁት ባለቤቴ ታሞ ተኝቶ ስለነበር ነው። አልሐምዱሊላህ አሁን ተሽሎታል። ትዝለል በያት።»

«ትዘል ነበር እንዴ? እንኳንም ተወችው። ለሷ ጥሩ አይደለም እትዬ፣ በሽታው እንደሷ ባሉት ላይ ነው የሚጠናው ብለዋል።»

«ታዲያ ተቀምጣ ልትድን ነው? አንቺ፣ ልጅ ነው ቤት ያስቀመጥሽው ወይስ በግ እያደለብሽ ነው?»

እናቴ ስትገባ በሩን ከወትሮው ጠንከር አድርጋ ዘጋችው። «ምን ዓይነት አፍ ነው!» አለች፤ ግን ለእኔ አልነገረችኝም። እኔም እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ከበግ ጋር መመሳሰሌ አሞኛል፤ አልዋሽም። ነገር ግን በዚያ ዓመት እኔ ቤት ውስጥ መዋል የለባትም ብሎ ስለኔ የተከራከረ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስድቡን ለራሴ አስቀርቼ ክርክሩን ተቀበልኩ።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ መጣች። ፍልሰታ እኛ ዘንድ የልጆች ጾም ናት። ሌላውን ጾም የማይጾም ሕፃን እንኳ ፍልሰታ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ይውላል፣ ቀትር ላይ ነጠላውን አጣፍቶ ቅዳሴ ይሄዳል። እናቴ ራሷ በልጅነቷ ስለጾመችው ፍልሰታ ስታወራ ድምፅዋ ይለወጣል፤ እኔን ደግሞ «አንቺ ቤተ ክርስቲያን ስትባዪ እግርሽ ይከብዳል» እያለች ስትወቅሰኝ ነው የኖረችው።

በዋዜማው እራት ላይ ዓይኔን ከሳህኑ ሳላነሣ፣ «ዘንድሮ ፍልሰታን እጾማለሁ። በየቀኑ ልደታ ማርያም እየሄድኩ አስቀድሳለሁ» አልኩ።

እናቴ ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ደስታም ፍርሃትም ፊቷ ላይ ተራ በተራ ሲመጡ አየሁ። ሱቅ እንዳልሄድ ከልክላኛለች፤ ግቢ እንዳልወርድ ከልክላኛለች። ማርያም ቤት እንዳልሄድ ግን እንዴት ብላ ትከልክለኝ? ከልክላስ ለማን ልትነግር ነው? ጓዳ ገብታ ለንስሐ አባታችን ደወለች። ስትወጣ ተሸንፋ ነበር። «ማስክሽን እንዳታወልቂ። ከሰው ራቂ። እንዳለቀ በቀጥታ ወደ ቤት» አለችኝ።

ፍልሰታን ሰበብ አደረግሻት ወይ የሚለኝ ሰው ካለ፣ አዎ፣ መውጫዬ አደረግኳት። ግን ጾሙን ጾሜአለሁ፤ ቆሜም ጸልያለሁ። የጸለይኩት በሩ ተመልሶ እንዳይዘጋብኝ ነበር፤ ከዚያ የበለጠ እውነተኛ ጸሎት ጸልዬ አላውቅም።

በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ስወርድ ነው፣ ስወጣ አይደለም። የደረጃውን ብረት ይዤ ቆምኩና ለካ እስከዚህ ድረስ ነው አልኩ። ውጭው ዝናብ አባርቶ ጭቃ ነበር። ነጠላና ዣንጥላ የያዙ ሰዎች ወደ ልደታ ይሄዳሉ፤ እኔም በመካከላቸው፣ ቀሚሴ ብብቴ ሥር እየጠበበኝ። ቅጽሩ ውስጥ ሰው ተራርቆ ቆሟል። አጥሩ ጥግ ቦታ ይዤ በድምፅ ማጉያ የሚመጣውን ቅዳሴ ሰማሁ። መቆሙ ብቻውን ሥራ ነበር፤ ሲያልቅ ወገቤና ባቴ ተቃጥሎ ነበር።

አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት ሲወጡ ትከሻዬን ሊነኩ እጃቸውን ዘረጉና በሽታው ትዝ ሲላቸው ሰበሰቡት። «ጎሽ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ። ጾሙ ሲፈታ ሸንቀጥ ትያለሽ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ያለፉት ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያስቡት። ወፍራም ልጅ ስትጾም ለመክሳት ነው፤ ስትራመድ ለመክሳት ነው፤ ውኃ ስትጠጣም ለመክሳት ነው። ሰማይ ለማየት ነው የወጣሁት ብትል የሚያምናት የለም።

በቀጥታ ወደ ቤትም አልተመለስኩም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቤታችን ቅርብ ስለሆነ መንገዱን በጌጃ ሰፈር በኩል አረዘምኩት። ብረት የሚበይዱ፣ ቁም ሣጥን ቀለም የሚቀቡ፣ ሸራ ወጥረው ሽንኩርትና ካሮት የሚሸጡ ሰዎች፤ ለወራት ያላየሁት ሰው ሁሉ እዚያው ነበር። ዳገቱ ላይ ዣንጥላዬን እንደ ምርኩዝ ተጠቀምኩበት። ከቀን ወደ ቀን የምቆምባቸው ቦታዎች እያነሱ መጡ።

እናቴ ታዲያ ያዘነችልኝ በማዕድ ነው። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስገባ ሽሮው፣ ድንች ወጡ፣ በዘይት የተለወሰው ፓስታ፣ ዳቦውና ስኳሩ የበዛ ሻይ ተደርድሮ ይጠብቀኛል፤ ቀኑን ሙሉ ያልበላሁትን በአንድ ጊዜ እበላለሁ። ጾሙ አላከሳኝም። ይህን በግልጽ መጻፍ የምፈልገው ብዙ ሰው የዚህን ታሪክ መጨረሻ በሚዛን ላይ ስለሚጠብቀው ነው። ዛሬም ወፍራም ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ መምህራችን በኮሮና ጊዜ ቤት የዋሉ ወፍራም ልጆች ምን እንደሆኑ ነገሩን፤ እንቅስቃሴያቸው ቀነሰ፣ እንቅልፋቸው ተዛባ፣ ስልክ ላይ ዋሉ፣ ጣፋጭ አበዙ። ሁሉም እኔ ላይ ደርሷል። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ «ምን ያድርጉ፣ ሆዳሞች ናቸው» ብሎ ሳቀ። እጄን አውጥቼ መናገር ፈርቼ ነበር፤ ያልተናገርኩትን ነው አሁን የምጽፈው። ልማዳችን የተበላሸው ስግብግብ ስለሆንን አይደለም። በሩ ስለተዘጋ ነው፤ ለእኛ ደግሞ በሁለት ቁልፍ ነው የተዘጋው።

በፍልሰታ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተመለሰው እንቅልፌ ነበር። የወጣ ሰው ይደክመዋል፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ዓይኔ አይገለጥም፣ ስልኩ ደረቴ ላይ ይቀራል። ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሰኝ እነቃለሁ። ብስኩቱ ወተት ስላለበት ለጾም አይሆንም፤ ካርቶኖቹ ራስጌዬ እንደታሸጉ ዋሉ፣ እኔም ጉዳዬ አላልኳቸውም፤ ነገ በየት በኩል እንደምዞር እያሰብኩ ነበር።

በመካከሉ የወር አበባዬ መጣ። እናቴ «እንግዲህ እነዚህን ቀናት እረፊ» አለችኝ፤ ደስ እንዳላት አልደበቀችም።

«ከቅጽሩ ውጭ ቆሜ አስቀድሳለሁ» አልኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ግን እውነት ለቅዳሴው ነው?»

ዣንጥላዬን አነሣሁ።

ጾሙ ተፈታ። ዶሮው ተበላ፤ አባቴ በስልክ «እንኳን አደረሳችሁ፣ ከቤት እንዳትወጡ» አለ። በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጫማዬን አደረግኩ። እናቴ ቤት የምትውልበት ሳምንት ነበር። በሩና በእኔ መካከል መጥታ ቆመች።

«ጾሙ እኮ ተፈቷል። የት ነው?»

«ልሄድ ነው።»

«የት?»

«በእግሬ።»

«የት አልኩሽ እንጂ በምንሽ አልኩሽ?»

ወንድሜ ከሶፋው ላይ በሳቅ ፍርፍር አለ። እሷ አልሳቀችም። እኔም ሰበብ አጥቼ ቆምኩ። ቅዳሴ የለም፤ ትምህርት ቤት የለም፤ የሚገዛ ዕቃ የለም። እንባዬ እንደ ልማዱ ቀድሞ መጣ፤ በዚያን ቀን ግን ቃሉም ከኋላው ተከተለው።

«መሄድ ስለምፈልግ ነው» አልኩ። «በየቀኑ እሄዳለሁ።»

«ከታመምሽብኝስ?»

«እዚህም እየታመምኩ ነው እማዬ። ደረጃ መውረድ አቅቶኝ ነበር፤ አልነገርኩሽም እንጂ።»

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰው ምን እንደሚል አታውቂም። ስንቱ ሥራ አጥቶ ምሳ በተቸገረበት ጊዜ አንቺ እንዲህ ሆነሽ ስትወጪ... እነሱ ቤት ግን ይበላል ይላሉ። ዓይናቸውን ይጥሉብሻል። ያዩሻል፣ የኔ ልጅ።»

ለካ ከበሽታው ሌላ ይህም ነበር። ለወራት ከጀርሙ ብቻ ሳይሆን ከሰው ዓይንም ደብቃኛለች። ክፋት አልነበረባትም፤ አሁንም ክፋት ነው አልልም። ግን እኔም ራሴ ማንም አያየኝም ብዬ ተደስቼ አልጋ ውስጥ የገባሁ ልጅ ነኝና፣ መደበቅ ምን እንደሚያደርግ ከሷ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።

«ይዩኝ» አልኳት።

«እ?»

«ይዩኝ አልኩ። ከስቼ እስክወጣ የምትጠብቂኝ ከሆነ አልወጣም ማለት ነው። እንዲህ እንዳለሁ ነው የምወጣው።»

አልመረቀችኝም፤ አልተቆጣችኝም። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አለችና ከግድግዳው ምስማር ላይ ማስክ አንሥታ ሰጠችኝ። «አፍንጫሽን ሸፍኚ» አለች። በሩን የከፈትኩት ራሴ ነኝ።

በባቡሩ ድልድይ ሥር ሥሩን ይዤ ሜክሲኮ ድረስ ሄድኩ። አደባባዩ ላይ ስደርስ ጀርባዬ በላብ ርሷል፣ ማስኩ አፌ ላይ ተለጥፏል። በዚያ ጊዜ ታክሲዎች በግማሽ ሰው ስለሚጭኑ ሁሉም ተሳፋሪ እጥፍ ይከፍል ነበር። በደህናው ጊዜ ደግሞ ወፍራም ሰው ሲገባ «የሁለት ሰው ሒሳብ ነው» ማለት የረዳቶች ቀልድ ነው፤ እኔም በዚህ ቀልድ ምክንያት ስንቴ ከታክሲ ወርጃለሁ። አንድ ጎልማሳ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ልደታ፣ ጦር ኃይሎች!» እያለ ሲጣራ አየኝ።

«እህት ነይ ግቢ! ዘንድሮ አትፈሪ፣ ላንቺ ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም እጥፍ ነው!»

ውስጥ ያሉት ሳቁ። አንገቴን ደፍቼ ለማለፍ እግሬ ጀምሮ ነበር። አቆምኩትና ዞር አልኩ።

«በእግሬ ነው የምሄደው!» አልኩ። ድምፄ ማስኩን አልፎ ይህን ያህል ይጮኻል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፈኛ ግማሹ ዞሮ አየኝ።

«ኧረ ይመችሽ!» አለ ረዳቱ።

ሰልፈኛው ገና እያየኝ፣ መንገዱን ተሻግሬ ወደ ልደታ በእግሬ ተመለስኩ።